ከሲሙ በፊት ኬብሉን እዩት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አሮጌ ራውተር ጥገና ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤው በዝቷል። አብዛኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። በቦርሳ የሚያዝ፣ በሲም የሚሠራ ዋይፋይ በገዛ እጃችን መሥራት እንችላለን ወይ? ትችላላችሁ። እኔም ሠርቻለሁ። አራት ኪሎ ያለው ሱቄ ውስጥ፣ ከጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሎ አሁንም ያገለግላል። የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ሌሎቹን አሳጥሬያለሁ፤ ቅር እንዳይላችሁ።

ጥያቄ፦ "ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምኖረው ገዳም ሰፈር ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ የምታጠናው በስልክ ቪዲዮ ነው። ከአጎቴ ልጅ ራስቤሪ ፓይ 4 የሚባል አንድ ትንሽ ኮምፒውተር አገኘሁ። የዩኤስቢ ሞደም ነበረኝ። ሁለቱን አገናኝቼ፣ ኦፕን ደብሊውአርቲ የሚባለውን የራውተር ሶፍትዌር ጭኜ፣ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ ላይ ሰካሁት። ይሠራል። የእኔ ስልክ ብቻ ሲሆን ምንም አይልም። እህቴ ቪዲዮ ስትከፍት ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። ተመልሶ ይነሳል፤ ደግሞ ይጠፋል። እሷ ወደምትተኛበት ጓዳ ይዘነው ስንገባ ይብሳል። ሲሙን ቀየርኩ። የሌላ ኩባንያ ሲምም ሞከርኩ። ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጫንኩ። ኔትወርኩ ነው ወይስ ሞደሙ ተበላሽቷል? እናቴ 'ተወው ልጄ፣ እንቅልፍህን አጣህ' እያለችኝ ነው። መተው ግን አልፈልግም።"

መልስ፦ አትተወው ወንድሜ። ሞደምህ ጤነኛ ይመስለኛል። የሁለት ኩባንያ ሲም ደግሞ አንድ ላይ አይበላሽም። ዕቃህ ርቦታል።

ይህን የምልህ እኔም በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም የከተማችን ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያውን የእጅ ሥራ ራውተሬን ገና መጨረሴ ነበር። ከአንድ ትንሽ ራውተርና ከዩኤስቢ ሞደም የተሠራ ነው። ሞደሙን ያኔ ብዙ ሰው ኢቪዲኦ ነበር የሚለው፤ ስሙ ከድሮው ቴክኖሎጂ የቀረ ነው። 4ጂ አዲስ አበባ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። በቦርሳዬ ይዤው ከአትክልት ተራ ተሳፈርኩ። ሜክሲኮ እስክደርስ ሙዚቃ በኢንተርኔት ልሰማ ነው ሐሳቤ። አውቶቡስ ተራ ላይ ጠፋ። ተነሳ። አብነት ላይ ደግሞ ጠፋ። ባቡሩ ስለሚሮጥ ነው፣ ከታወር ታወር ሲቀያየር ነው አልኩ። ሜክሲኮ ወርጄ ቆሜ ሞከርኩት። ቆሜም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኔትወርኩን ስረግም ከረምኩ።

የራዲዮ ጥገና ያስተማሩኝ ሽማግሌ ያን ጊዜ ፒያሳ ሱቅ ነበራቸው። ወስጄ አሳየኋቸው። ስለ ኢንተርኔት የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ዕቃውን አገላብጠው አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "በልቷል?" አሉኝ። አልገባኝም። መልቲሜትራቸውን አወጡ። ፓወር ባንኩ አፍ ላይ ሲለኩት 5.05 ቮልት ሆነ። ራውተሩ ጋ፣ የኬብሉ ጫፍ ላይ ሲለኩት 4.4 ሆነ። ቀሪው የት ሄደ? ኬብሉን ከእጄ ወስደው በምላጭ ሰነጠቁት።

ከውጪ ሲያዩት ወፍራም ኬብል ነው። ውፍረቱ ግን ሁሉም ፕላስቲክ ነበር። ቀዩን ሽቦ ልጠው መዳቡን በጥፍራቸው በትነው ቆጠሩልኝ። ሰባት ዘለላ። እያንዳንዷ ከፀጉር ጥቂት ብቻ የምትወፍር። "ይሄ ለስልክ ይሆናል" አሉኝ። "ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ይጠጣል። ያንቺ ዕቃ ግን እየሮጠ ነው የሚጠጣው።"

እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ ይህን ከመንገሬ በፊት ሌላ ነገር አልጀምርም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ቀላል ነው። ያ ሰባት ዘለላ ሽቦ 28 ጌጅ የሚባለው ነው፤ የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። በአንድ ሜትር 0.21 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ኤሌክትሪክ በቀዩ ሄዶ በጥቁሩ ስለሚመለስ የአንድ ሜትር ኬብል ተቃውሞ 0.43 ኦም ገደማ ይሆናል። ዕቃህ 1.5 አምፔር ሲስብ 0.64 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ከ5 ቮልት ተነስተህ 4.36 ትደርሳለህ። ራስቤሪ ፓይ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ "ኃይል አነሰኝ" የሚል ምልክት ይሰጣል። ስክሪን ላይ ብትሰካው የመብረቅ ምልክት ታየዋለህ። ያኔ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲብስበት ይጠፋል። ኬብሉ 20 ጌጅ ቢሆን ግን በዚያው 1.5 አምፔር የሚጠፋው 0.1 ቮልት ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን እህትህ ቪዲዮ ስትከፍት? ለምንስ ጓዳ ውስጥ ይብሳል? ሞደሙ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብዙ አይበላም። ሥራ ሲበዛበት ነው የሚስበው። ከታወሩ ሲርቅ ወይም ግድግዳ ሲጋርደው ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻል። የ4ጂ ሞደም ቅርብ ሆኖ ሲያንሾካሹክና ርቆ ሲጮህ የሚበላው ኃይል ፈጽሞ አይገናኝም። ጓዳችሁ የጭቃ ይሁን የድንጋይ ባላውቅም ከመስኮት የራቀ መሆኑን ከደብዳቤህ ገምቻለሁ። ሞደሙ እዚያ ገብቶ ሲጮህ ኬብሉ ላይ ያለው ቮልት ይወርዳል፤ ፓዩ ይወድቃል፤ አንተ ደግሞ ሲም ትቀይራለህ።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ መልቲሜትር ተዋስ። ዕቃው ጠፍቶ ሳይሆን እየሠራ፣ እህትህ ቪዲዮ ከፍታ እያለ ለካ። ባዶውን ስትለካው ሁልጊዜ 5 ቮልት ነው፤ ምንም አይነግርህም። የፓዩ ቦርድ ላይ ባለ 5 ቮልት ፒን አለ፤ ከእሱና ከግራውንዱ ላይ ለካ። ጫፎቹ ጎን ያለውን ፒን እንዳይነኩ ተጠንቀቅ፤ ተንሸራቶ 5 ቮልት ሌላ ፒን ላይ ከገባ ቦርዱ ያልቃል። ከ4.8 በታች ካየህ ነገሩ ታወቀ።

ከዚያ ኬብሉን አሳጥር። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ይበቃሃል፤ ፓወር ባንኩና ፓዩ ጎን ለጎን ናቸው። ሲገዙ ሽቦውን ልጦ ማየት ስለማይቻል፣ ልባሱ ላይ 20 ወይም 22 ጌጅ ተብሎ የተጻፈበትን ፈልግ። ካጣህ ራስህ ሥራው፤ ለመብራት የሚሆን 0.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ20 ጌጅ ጋር ተቀራራቢ ነው። ፓወር ባንክህ ላይ ሁለት መውጫ ካለ 3 አምፔር የሚለውን ተጠቀም። ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት 3 አምፔር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኬብሉን ብታስተካክልም የፓይ 4 ዩኤስቢ መሰኪያዎች ሁሉም ተደምረው የሚያወጡት 1.2 አምፔር ብቻ ነው። ከሞደሙ ሌላ ፍላሽ ወይም ተጨማሪ የዋይፋይ ዶንግል ሰክተህ ከሆነ ንቀለው። የግድ ካስፈለገህ የራሱ ቻርጀር ያለው ዩኤስቢ ማከፋፈያ ግዛና ሞደሙን እዚያ ላይ ስካ።

ስንት ሰዓት እንደሚቆይልህም ላስላልህ። ፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው 10,000 የውስጡ ባትሪ፣ በ3.7 ቮልት ነው። ያ 37 ዋት ሰዓት ይሆናል። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነውን ስትቀንስ 31 ገደማ ይቀርሃል። ፓዩና ሞደሙ አንድ ላይ 5.5 ዋት ያህል ቢበሉ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ለአንድ የጥናት ምሽት ይበቃል። ግን ብዙ ፓወር ባንክ እየተሞላ ሳለ መብራት ሲሄድ ለቅጽበት ይቋረጣል። ስልክ ያቺን ቅጽበት አያውቃትም፤ ራውተር ግን ይጠፋና እስኪነሳ ደቂቃ ይፈጃል። ስትገዛ ሱቁ ውስጥ አምፖል ወይም ሌላ ዕቃ ሰክተህ፣ ቻርጀሩን ከሶኬት ነቅለህ ሞክረው። ብልጭ ካለ አትግዛው። መብራት ሲሄድ ሳይቋረጥ የሚቀጥል፣ ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ ሚኒ ዩፒኤስ አለ፤ ለቤት እሱን እመርጣለሁ።

ሁለት ነገር ስለ ሶፍትዌሩ ልበልህና ልጨርስ። እህትህ ቪዲዮ ስታይ ያንተ መልእክት የሚንቀራፈፈው ለምን እንደሆነ ገብቶሃል? ማታ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ ታውቃለህ። ከፊትህ አሥር ጆንያ የያዘ ሰው ካለ፣ አንተ ባዶ እጅህን ብትሆንም ከኋላው ነህ። ኦፕን ደብሊውአርቲ ውስጥ ይህን ሰልፍ የሚያስተካክል ኤስኪውኤም የሚባል ጥቅል አለ። ማታ፣ ኔትወርኩ በሚጨናነቅበት ሰዓት ፍጥነትህን ለካና ከዚያ 85 በመቶውን ሙላበት። የመስመሩ ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፤ ሰልፉ ግን ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ስልኮች ዋይፋይ ሲያገኙ ነጻ ይመስላቸዋል። መተግበሪያ ማደስ፣ ፎቶ መላክ ይጀምራሉ። ማታ የገዛኸው ፓኬጅ ጠዋት የለም። በየስልኩ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ገብተህ ይህ መስመር በመጠን የሚከፈልበት ነው ብለህ ምረጥ።

ከዚያ በኋላ ለእህትህ ትምህርቷን ክፈትላትና አንተ ተኛ። እናትህ እውነታቸውን ነው፤ እንቅልፍ ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ "ይድረስ ለልጄ። ካዛንቺስ ነዋሪ ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ከቁራሌው ስድስት የተጣሉ የላፕቶፕ ባትሪዎች ገዛሁ። ፈትቼ ውስጣቸው ያሉትን ክብ ባትሪዎች አወጣሁ። ለዋይፋዩ ማስኬጃ ላደርጋቸው አስባለሁ። ሚስቴ 'ቤት ታቃጥላለህ' ትላለች። ማን ነው ልክ?"

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ስለዚህ በጥንቃቄ እንሂድ።

እነዚህ ክብ ባትሪዎች 18650 ይባላሉ። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ማለት ነው። ሙሉ ሲሆኑ 4.2 ቮልት፣ ባዶ ሲሆኑ 3 ቮልት አካባቢ ናቸው። የላፕቶፕ ባትሪ ሞተ ሲባል ብዙ ጊዜ የሞቱት ውስጡ ካሉት ክብ ባትሪዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው። ቀሪዎቹ ገና ብዙ መሥራት ይችላሉ። እርስዎ ያዩት ይህንን ነው፤ ጥሩ ዓይን ነው።

ግን መለየት አለባቸው። አንድ በአንድ ይለኩ። ከ2 ቮልት በታች የወረደውን ለመሙላት አይሞክሩ፤ ውስጡ ተጎድቷል፤ ሲሞላ ሊግል ይችላል። ልባሱ የተላጠውን፣ የተጎደጎደውን፣ የዛገውንም ይለዩ። ጤነኛ የሚመስሉትን አንድ በአንድ ይሙሉና ለሁለት ሳምንት ያስቀምጧቸው። ከ4.1 በታች የወረደ ካለ እሱንም ያውጡት። ሲሞሉ እጅዎን ያስነኩት፤ ለብ ካለ ደህና ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው ይንቀሉት።

የሚሞሉትን አልጋ አጠገብ ወይም ምንጣፍ ላይ አያድርጉ። እኔ አሮጌ የሸክላ ምጣድ ላይ ነው የምሞላቸው፤ በር አጠገብ፣ እኔ እያየኋቸው። ተኝተው እያለ አይሙሉ።

ሲያገናኟቸው በካውያ ባትሪው ላይ ቀጥታ አይበይዱ። ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል። ባትሪ የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ መርካቶ ያገኛሉ። ጎን ለጎን ከማያያዝዎ በፊት ሁሉም እኩል ቮልት ላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ አንዱ 4.1 ሌላው 3.4 ሆኖ ቢገናኙ አንዱ ሌላው ላይ በኃይል ይፈሳል። ከመጠን በላይ እንዳይሞሉና እንዳይወርዱ የሚጠብቅ ትንሽ መከላከያ ቦርድ የግድ ያስገቡ። በቀዩ ሽቦ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ያድርጉ። 5 ቮልት የሚያወጣውን መቀየሪያም በትንሿ ካቻቢቴ አዙረው 5.1 ቮልት ላይ ካደረጉትና በመልቲሜትር ካዩት በኋላ ብቻ ራውተሩን ይስኩ። ሲገዛ ስንት ላይ እንደቆመ አይታወቅም፤ አንድ ደንበኛዬ ሳይለካ ሰክቶ በአንድ ቅጽበት ቦርዱን አጥቷል።

የተጣሉትን ባትሪዎች እሳት ውስጥ ወይም ከቆሻሻ ጋር እንዳይጥሏቸው አደራ። ጫፎቻቸውን በናስትሮ ሸፍነው ለብቻ ያስቀምጡ። ባለቤትዎን ሲሞሉ ያሳዩዋቸው። የሚሆነውን ሲያዩ ፍርሃታቸው ይቀንሳል፤ እርስዎንም ይጠብቁዎታል።

ጥያቄ፦ "እህቴ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ልብስ ስፌት አለኝ። ወንድሜ የሠራልኝ ዋይፋይ ነበር። ልጄ ሽቦውን እየጎተተ ስላስቸገረኝ ራውተሩን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ከጎኑ ካልተቀመጥኩ አይሠራም።"

መልስ፦ እህቴ፣ ቆርቆሮው ነው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን አያሳልፍም። ዋይፋዩ ውስጥ ተዘግቶበታል። ወደ ታወሩ የሚሄደውም እንደዚያው። የሚወጣው በክዳኑ ስንጥቅና በሽቦው ቀዳዳ በኩል ብቻ ነው።

ፕላስቲክ፣ እንጨት፣ ካርቶን፣ ስንደዶ፣ ሁሉም ያሳልፋሉ። የእኔው ሱቅ ውስጥ ያለው የተቀመጠው ሙዳይ ውስጥ ነው። እናቴ የሰፋችው ነው፤ ክዳኑ ትንሽ ስለተጣመመ ለሰው መስጠት አልፈለገችም። ስንደዶው አየር ስለሚያስገባ ዕቃው አይግልም። ብዙ ደንበኛ ገብቶ ዋይፋዩ ከየት እንደሚመጣ ይፈልጋል። አንቺም የልብስ ስፌት ሰው ነሽና ከማንኛችንም የተሻለ ታስጌጪዋለሽ። ጨርቅ ብቻ አትጠቅልዪበት፤ ጨርቅ ሞገዱን አይከለክልም፣ ሙቀቱን ግን ያፍነዋል። የፕላስቲክ ምሳ ዕቃም ይሆናል፤ ከታችና ከላይ ጥቂት ቀዳዳ ብሺው፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ለልጁ ደግሞ ሽቦው በሳጥኑ ውስጥ አንድ ጊዜ ተቋጥሮ ይውጣ። ሲጎትተው ቋጠሮው ይይዘዋል፤ መሰኪያው አይነቃነቅም።

ጥያቄ፦ "ቸርችል ጎዳና፣ ፎቅ ላይ ቢሮ አለን። የሠራነው ራውተር ኔትወርኩ ሙሉ አራት መስመር ያሳያል። ኢንተርኔቱ ግን ከሰዓት በኋላ ይሞታል። አንቴና እንግዛ?"

መልስ፦ ገና አትግዙ። መስመሮቹ የሚነግሯችሁ ታወሩ ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደሚሰማ ነው። ንግግሩ ጥርት ብሎ ይሰማል ወይ የሚለውን አይነግሩም። ካፌ ውስጥ ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ሆኖ ሁሉም ሰው አብሮ ሲያወራ እንደማለት ነው።

የሞደሙን ገጽ ክፈቱ። አርኤስአርፒ የሚል ቁጥር አለ፤ የታወሩ ድምፅ ጉልበት ነው። ከኔጌቲቭ 80 እስከ ኔጌቲቭ 90 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ወደ ኔጌቲቭ 110 ሲጠጋ ደካማ ነው። ከጎኑ ኤስአይኤንአር የሚል አለ፤ የንግግሩ ጥራት ነው። እሱ ከ13 በላይ ሲሆን ጥርት ያለ ነው፤ ዜሮ አካባቢ ሲሆን ጫጫታ ነው። ፎቅ ላይ ስትሆኑ ብዙ ታወር አንድ ላይ ስለሚታያችሁ የእናንተ ችግር ይህ ሊሆን ይችላል። ሞደሙን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው አዙሩትና ሁለተኛውን ቁጥር ተከታተሉ። ግድግዳው ራሱ ከማትፈልጉት ታወር ሊጋርዳችሁ ይችላል። እኔ አንዴ ለአንድ ቢሮ ሞደሙን ከመስኮት አንስቼ ካቢኔ ጀርባ ሳስቀምጠው ፍጥነቱ ጨምሯል።

ሁለቱም ቁጥር ጥሩ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚሞት ከሆነ ግን ታወሩ ላይ ሰው በዝቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓትና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሳምንት ለክታችሁ ጻፉ። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ሁለተኛው ኩባንያ አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫ አላችሁ። የሌላውን ሲም ለአንድ ሳምንት አስገብታችሁ በዚያው ሰዓት ለኩ። ከአንቴና በጣም ይረክሳል።

ጥያቄ፦ "የሠራሁት ዋይፋይ ጥሩ ስለሆነ ለጊቢያችን ተከራዮች በወር ሒሳብ ባካፍልስ?"

መልስ፦ እንግዳን በዋይፋይ ማስተናገድና ኢንተርኔት መሸጥ ይለያያሉ። ቴሌኮም አገልግሎት መሸጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከመጀመርህ በፊት እነሱን ጠይቅ። ሌላም ነገር አስብ፤ ሲሙ ባንተ ስም ነው የተመዘገበው። በእሱ ለሚደረገው ሁሉ በመጀመሪያ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ለቤተሰብህ አድርገው። የይለፍ ቃሉንም ከቤት ቁጥርህ የተለየ፣ ረዘም ያለ አድርገው።

ጥያቄ፦ "ጋሽዬ ወይም እትዬ፣ ማን እንደሆኑ ስለማላውቅ ይቅርታ። ለሞደሜ ትልቅ አንቴና ገዛሁ። ገጥሞ ጥብቅ ብሎ ተሽከረከረ። ኔትወርኩ ግን ከበፊቱ ባሰ። ተታለልኩ?"

መልስ፦ እትዬ ነኝ፤ ይቅርታ አያስፈልግም። አልተታለልክም። የዋይፋይ አንቴና ገዝተህ ነው። የአንቴናውን አፍ ወደ ብርሃን አዙረህ ውስጡን እይ። መሃሉ ላይ ቀጭን ወርቃማ ፒን አለ ወይስ ቀዳዳ? የሲም ሞደም አብዛኛውን ጊዜ ኤስኤምኤ የሚባለውን ይፈልጋል፤ አንቴናው ፒን አለው። የዋይፋይ ራውተር አንቴና ግን አርፒ ኤስኤምኤ የሚባለው ነው፤ ፒኑ በአንቴናው ሳይሆን በራውተሩ በኩል ነው። ጥርሳቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገጥማሉ። መሃላቸው ግን ቀዳዳ ከቀዳዳ ነው፤ የሚነካካ ነገር የለም። ስለዚህ ሞደምህ አንቴና እንደሌለው ሆነ ማለት ነው።

ስትቀይረው ሞደምህ ሁለት ቀዳዳ ካለው ሁለት አንቴና ግዛ። 4ጂ ሁለቱንም ይጠቀማል። አንዱን ቀጥ አድርገህ፣ ሌላውን አግድም አስቀምጠው። ከአንቴናው የሚወጣው ገመድ ቀጭን ከሆነ ደግሞ አታርዝመው። በገመዱ ላይ 3 ዲቢ ከጠፋ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው፤ ቀጭን ገመድ ደግሞ ሁለት ሦስት ሜትር ሲሆን ይህን ያህል በቀላሉ ይበላል። ሞደሙን ራሱን ወደ መስኮት አውጣና ዩኤስቢ ኬብሉን አርዝም። ያኔም ኬብሉ ወፍራም ይሁን፤ ምክንያቱን ከላይ ለገዳም ሰፈሩ ወንድሜ ጽፌዋለሁ።